ሜዳውም ፈረሱም ይኸው፦ ለስፖርት የሚሆኑ አራት ፈረሶች ለሽያጭ

ሰላሌ ዳማ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች በሙሉ።

የምኖረው ስድስት ኪሎ ነው። ፈረሶቼ የሚውሉት ግን ከሱሉልታ አለፍ ብሎ ባለው የቤተሰብ መሬት ላይ ነው። ፈረስ ነጋዴ አይደለሁም። ጥቂት ባዝራዎች አሉኝ፤ በዓመት አንድ ወይ ሁለት ውርንጭላ ይወልዱልኛል። ሣሩ ሁሉንም ስለማይችል አንዳንዶቹን መሸጥ ግድ ይላል። ዘንድሮ የምሸጣቸው አራት ናቸው። የምጠራቸው በመልካቸው ነው፤ ዳማ፣ ቦራ፣ አምባላይ፣ ቡላ የፈረስ መልክ ስሞች ናቸው። ጉድለታቸውንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ሱሉልታ ድረስ መጥታችሁ ከምትደርሱበት እዚሁ ብታነቡት ይሻላል።

ዳማው፦ የተኮላሸ ወንድ ነው፤ ሰባት ዓመቱ። ቁመቱ ትከሻው ላይ ሲለካ 147 ሴንቲ ሜትር። ለስፖርት ብዬ የደከምኩበት እሱ ነው። ሶምሶማው ሰፊ ነው፤ የተቀመጠበትን ሰው አያንገጫግጭም። እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አግዳሚ ይዘላል፤ ያውም ሳይጣደፍ፣ እርምጃውን አስተካክሎ። ጉድለቱ ብቻውን መዋል አለመቻሉ ነው። ጓደኛ ካጣ ቀኑን ሙሉ ሲያሽካካና አጥር ለአጥር ሲመላለስ ይውላል።

ቦራዋ፦ ባዝራ ነች፤ 12 ዓመቷ፣ ቁመቷ 131። የእህቴ ልጆች ግልቢያ የለመዱት በሷ ነው። ልጅ ጀርባዋ ላይ ማጋደል ሲጀምር ቀጥ ብላ ትቆማለች። ይህን ማንም አላስተማራትም። ጉድለቷ ሆዳምነት ነው። ሣር ካየች አንገቷን ትሰዳለች፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ መልሶ ለመሳብ አቅም ያንሰዋል።

አምባላዩ፦ አራት ዓመቱ፣ ወንድ፣ ቁመቱ 150። ሲወለድ ጥቁር ነበር። በየዓመቱ እየነጣ መጥቶ አሁን ጭኑ ላይ ብቻ አመድማ ነጠብጣብ ቀርቶታል። ኮርቻ የለመደው ዘንድሮ ነው። ፈጣን ነው፣ አስተዋይም ነው፣ ግን ገና አልበሰለም። ለጀማሪ አልሸጠውም።

ቡላዋ፦ ሴት ውርንጭላ፤ ዓመት ከመንፈቋ። አራት ዓመት ሳይሞላት ማንም እንዳይቀመጥባት ቃል ለሚገባልኝ ሰው ብቻ ነው የምሰጣት። የፈረስ የጀርባ አጥንት ጠንክሮ የሚያልቀው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በሁለት ዓመቱ የተጫነ ፈረስ ቶሎ ያረጃል።

የአምባላዩ አባት የውጭ ደም አለበት ይባላል። ይባላል ማለት ማስረጃ አይደለም። ወረቀት ስለሌለኝ በዚያ ስም ሳንቲም አልጨምርም። ከገዛኋት ከቦራዋ በቀር የሦስቱን እናቶች ዘር ግን ደብተር ላይ ይዣለሁ፤ ሁሉም የሰላሌ ናቸው። እናቶቹም እዚያው ስላሉ መጥቶ ማየት ነው።

ዋጋ በአካል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ጋላቢው

ጽሑፉ ደስ ይላል ወንድሜ። ግን «ዋጋ በአካል» የሚለው ነገር ያስከፋል። ሰው ዋጋ ሳያውቅ እስከ ሱሉልታ ለምን ይደክማል? ከምን እስከ ምን እንደሆነ እንኳን ብትጽፍ ምን አለበት?

ሰላሌ ዳማ

ልክ ነህ፣ ላስረዳ። ዋጋ ስጽፍ ቀድሞ የሚደውለው አትራፊ ነው። ገዝቶ በሳምንቱ ለሌላ ያሻግራል፤ ፈረሱ የት እንደደረሰ አላውቅም። ከዚህ በፊት ከእኔ ጋ የወጣ ፈረስ ጋሪ ሲጎትት አይቼዋለሁና ያ እንዲደገም አልፈልግም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰውየውን ማወቅ እፈልጋለሁ። ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው። ማን እንደሆነና ፈረሱን የት እንደሚያሳድር ለጻፈልኝ ሰው ዛሬውኑ እነግረዋለሁ።

ጋላቢው

እሺ፣ ይህ ምክንያት ይገባኛል። አሁንም ዋጋ ቢጻፍ እመርጣለሁ፤ ግን ይገባኛል።

የጃንሜዳ ጎረቤት

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለቴ አነበብኩት። እኔ ያደግሁት ጃንሜዳ ጥግ ነው። በጃንሆይ ዘመን ሜዳው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነበር። ውድድር ባለ ቀን የሰፈሩ ልጅ በሙሉ አጥሩ ላይ ነበር የሚውለው። ከዚያ ወዲህ ሜዳው ያላየው የለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የአትክልት ተራ ገበያ ሳይቀር ገብቶበት ነበር። ፈረስ የሚያረባ ወጣት ስድስት ኪሎ አለ ሲባል ስሰማ ደስታዬን አልችለውም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። በእኛ ጊዜ ጥሩ ባዝራ ያገኘ ባላገር አህያ ነበር የሚያስጠቃት። በቅሎ ነበረች ዋጋ የምታወጣው። አንተ እንዴት በፈረሱ በኩል ሄድክ?

ሰላሌ ዳማ

ጋሼ፣ በትክክል ልቤን ነው የነኩት። ፈረስ ማርባት የጀመርኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ገበያ ላይ ምርጥ ምርጧ ባዝራ እስካሁንም ለበቅሎ ነው የምትፈለገው። ጠንካራ እግር፣ ሰፊ ደረት፣ ጥሩ ጠባይ ያላት ባዝራ በቅሎ ትወልዳለች። ደከም ያለችው ደግሞ ፈረስ ትወልዳለች። በቅሎ መካን ነች፤ የዚያች የምርጧ ባዝራ ደም እዚያው ላይ ይቆማል። ይህ ለስንት ትውልድ ሲደጋገም ለፈረሱ ዘር ምን እንደሚቀር ያስቡት። ባዝራ 11 ወር ታረግዛለች፤ የምትወልደውም አንድ ነው። አንድ ዓመት ለበቅሎ ከሄደ ሌላ ማካካሻ የለውም።

የባላገሩን ስሌት አልነቅፍም፤ በቅሎ ታበላዋለች። እኔ ግን ደመወዝ አለኝ፤ ባዝራዎቼን ለፈረስ ብቻ ላቆያቸው እችላለሁ። የሰላሌ ፈረስ ከታረመና ከበላ ስፖርት ይሠራል። ዳማውን አይቶ አይሠራም የሚለኝ ሰው ይምጣ።

የቀበና እናት

ሰላም ወንድሜ። ልጄ 11 ዓመቷ ነው። እንጦጦ ፓርክ በኪራይ ፈረስ ስትጋልብ ቆይታለች፤ አሁን የራሴን ካልገዛችሁልኝ ብላ እንቅልፍ ነስታናለች። ቦራዋን ሳነብ ልቤ ሄደ። ግቢያችን ቀበና ነው፤ ከጓሮ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ አለን። እዚያ ጋጣ ብንሠራላት ይሆናል? ምግቧስ ምንድን ነው? ከጎረቤት ጭድ ማግኘት እንችላለን።

ሰላሌ ዳማ

እህቴ፣ ቦራዋ ለልጅሽ ትሆናለች ብዬ አስባለሁ። ለጓሮሽ ግን አልሰጣትም። ቅር እንዳይልሽ።

ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። ብቻውን አጥር ውስጥ ከዋለ ጠባዩ ይበላሻል፤ አጥር ያኝካል፣ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ከግቢ ስትወጣ የምትረግጠው ደግሞ አስፋልትና ኮብልስቶን ነው፤ ግራ ቀኙ መኪና። ሱሉልታና ለገጣፎ በኩል በወር ክፍያ ፈረስ የሚያሳድሩ ሰዎች አሉ። እዚያ ሜዳም ጓደኛም ታገኛለች። ልጅሽ ቅዳሜና እሁድ ትሄዳለች።

ስለ ምግቡ፦ ቦራዋ 250 ኪሎ ግራም አካባቢ ትመዝናለች። በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ጥሩ ድርቆሽ ይበቃታል። ጭድ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። አሞሌ ጨው ይቀመጥላት፤ ትላሰዋለች። ውሃ ሁልጊዜ ፊቷ ይኑር። ገብስና ፉርሽካ ጠንክሮ ለሚሠራ ፈረስ ነው። ልጅ በእርጋታ ለምትጋልባት ባዝራ ግን ጉዳት ነው።

የእንስሳት ሐኪም

የመጨረሻዋን ነጥብ ላጠናክራት። የአገራችን ትናንሽ ፈረሶች በጥቂት ሣር ለመኖር የተፈጠሩ ናቸው። ሰው ሲወዳቸው እህል ያበዛባቸዋል። ከዚያ ሰኮናቸው ውስጥ ያለው ሥጋ ይቆጣል። ፈረሱ ክብደቱን ወደ ኋላ እግሩ አሽሽቶ የፊቶቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ይቆማል፤ ሰኮናውም ሲዳሰስ ይሞቃል። ያን ካያችሁ ቀን ሳታሳድሩ ሐኪም ጥሩ። አንዳንድ ጊዜ ፈረሱ ቢተርፍም ለግልቢያ አይመለስም።

ለማንኛውም ገዢ የምመክረው፦ የራሳችሁን ሐኪም ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ደግ ሰው ቢሆንም እንኳን። ሐኪሙ ሙቀት ይለካል፤ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ደህና ነው። ልብ ያዳምጣል፤ ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። ከዚያ በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ያስሮጠዋል። የታመመ የፊት እግር መሬት ሲነካ ፈረሱ ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል። ያ እንቅስቃሴ ትንሽ ቢሆንም ዓይን ሲለምድ አያመልጥም።

የአንገትና የእግር ቆዳን በእጃችሁ ዳስሱ። እንደ ገመድ የተቀጣጠለ እባጭ፣ ወይም እየፈረጠ መግል የሚያወጣ ቁስል ካገኛችሁ ተመለሱ። በከተማ ጋሪ ፈረሶች ላይ የሚበዛው በፈንገስ የሚመጣው በሽታ ሊሆን ይችላል። በቁስል፣ በዝንብ፣ በጋራ ኮርቻና በብሩሽ ይተላለፋል። ሕክምናው የሚሠራው ገና በጅምሩ ከተደረሰበት ነው።

ባዝራ ለእርባታ የሚገዛ ሰው ደግሞ የት የት ከወንድ ፈረስ ጋር እንደተገናኘች ይጠይቅ። በአርሲና በባሌ ደጋ በግንኙነት የሚተላለፍ የፈረስ በሽታ አለ፤ ደም ሳይመረመር አይታመንም።

ጋላቢው

እኔም ልጨምር። የአክስቴ ልጅ ገበያ ላይ በግ የመሰለ ገራም ፈረስ ገዛ። በሦስተኛው ቀን ሰው አላስጠጋ አለ። ኋላ ነው የተነገረው፤ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሽምጥ ሲጋልቡት አድረው፣ ውሃም ከልክለውት ነበር። ድካሙን ነው ገራምነት ብሎ የገዛው። ማስታገሻ መድኃኒት ወግተው የሚያቀርቡም አሉ።

ስለዚህ፦ ከቀጠሮ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ፈረሱ ታጥቦ፣ ኮርቻ ተጭኖ ከጠበቃችሁ ኮርቻው ይውረድ በሉ። ደረቱንና ኮርቻ ሥር ያለውን ጠጉር ዳስሱ፤ የደረቀ ላብ ጠጉሩን ያጣብቀዋል። ከመስክ ላይ ሲያዝ ማየት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። መጀመሪያ ባለቤቱ ይቀመጥበት፣ ቀጥሎ እናንተ። በሌላ ቀን ተመልሳችሁ ሳትጠበቁ እዩት። ሻጩ በዚህ ከተቆጣ መልስ አገኛችሁ ማለት ነው።

ሰላሌ ዳማ

ያለኸውን ሁሉ እቀበላለሁ። አራቱም ከመስክ ላይ ይያዛሉ። ሳትነግሩኝ ብትመጡም ጠባቂው ያስገባችኋል።

የካዛንቺስ ሰው

እኔ ዳማውን ፈልጌዋለሁ። ክብደቴ 78 ኪሎ ነው። ልጅ እያለሁ ጋልቤያለሁ፤ አሁን ዝላይ መማር እፈልጋለሁ። ቢሾፍቱ የቤተሰብ ቦታ ስላለን እዚያ አሳድረዋለሁ። ይሆናል?

ሰላሌ ዳማ

ወንድሜ፣ ቁጥሩን አብረን እናስላው። ሚዛን የሌለው ሰው የፈረስን ክብደት በሜትር መለካት ይችላል። ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ለካ፤ ያንኑ በራሱ አባዛው። ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ያለውን ርዝመት ጨምረህ አባዛ። የወጣውን ለ11,880 አካፍል።

የዳማው ደረት 160፣ ርዝመቱ 152 ነው። 327 ኪሎ ገደማ ይወጣል። ሰውየው ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ያ 65 ኪሎ ነው። ኮርቻው ስምንት ኪሎ ከያዘ ለሰው የሚቀረው 57 ነው። አንተ 78 ነህ። በእርጋታ ለመሄድ ቢሆን ትንሽ ልከራከር እችል ነበር፤ ለዝላይ ግን አልሸጥልህም።

አገው ፈረሰኛ

ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። እኔ የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ የተወለድኩት አዊ። ጥር 23 እንጅባራ መጥተህ ብታይ ሰማንያ ኪሎ ሰው በዚህ ቁመት ፈረስ ሽምጥ ሲጋልብ ታያለህ። የእኛ ፈረስ ትንሽ ነው ግን አጥንቱ ብርቱ ነው። አባቶቻችን አድዋ የዘመቱት በዚሁ ፈረስ ነው። የፈረንጅ ቀመር ለፈረንጅ ፈረስ ነው።

የጃንሜዳ ጎረቤት

ልጄ አገው ፈረሰኛ፣ የአዊ ፈረሰኞችን ጉግስ አይቻለሁ፤ አገር የሚያኮራ ነው። ግን የጥንቱን ሥርዓት እናስታውስ። መኳንንቱ ረጅሙን መንገድ የሚሄዱት በበቅሎ ነበር። ፈረሱ በጠባቂ እጅ እየተሳበ፣ ሳይጫን ነበር የሚሄደው። ኮርቻ የሚጫንበት ለፍልሚያው ሰዓት ነው። ፈረሳቸውን የሚወዱ ሰዎች ስለነበሩ ነው የሚጠሩትም በፈረሳቸው ስም የነበረው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል። ጉልበቱን እየቆጠቡ ነበር የሚይዙት።

የእንስሳት ሐኪም

ጋሼ እንዳሉት ነው። በበዓል ቀን ለአጭር ጊዜ መጋለብና በየሳምንቱ ማዘለል ይለያያሉ። ፈረስ ዘሎ ሲያርፍ ሸክሙ ሁሉ የሚወድቀው በፊት እግሩ ጅማት ላይ ነው። ፈረሶች ከክብደታቸው 25 በመቶና ከዚያ በላይ ተጭነው ሲሠሩ የልብ ምታቸው እንደሚጨምርና ጡንቻቸው እንደሚታመም በሙከራ ታይቷል። አጥንተ ብርቱ ፈረስ ትንሽ ይበልጥ ይችል ይሆናል። 78 ኪሎ ከነኮርቻው ግን ለዳማው ከ26 በመቶ በላይ ነው።

ስለ ቢሾፍቱ ደግሞ፦ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚተላለፈው በጣም ትንሽ በሆነች ተናካሽ ዝንብ ነው። ዝንቧ ቆላና ወይና ደጋ ትወዳለች፤ የምትበዛውም ከክረምት ማብቂያ ጀምሮ ነው። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ይወርዳል። ደጋ ያደገን ፈረስ በመስከረም ወይ በጥቅምት አታውርዱት። ሳንባ ላይ የሚወጣው ዓይነት ከያዘው አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም፤ አፍንጫው አረፋ ሲያወጣ ታዩታላችሁ፣ ከዚያ ሰዓታት ናቸው። ክትባቱ እዚያው ቢሾፍቱ ይመረታል። ከክረምት በፊት በየዓመቱ ይሰጥ። ክትባት ወስዶም ቢሆን ከምሽት እስከ ንጋት ጋጣ ውስጥ ይደር፤ ዝንቧ የምትናከሰው በዚያ ሰዓት ነው።

አገው ፈረሰኛ

እሺ ዶክተር። ለዝላይ ሲሆን ይለያል ማለትህ ገብቶኛል።

አንድ ጥያቄ ለባለቤቱ። እነዚህ ፈረሶች የተገሩት በየትኛው ልጓም ነው? በእኛው በቀለበቱ ነው ወይስ በሌላ?

ሰላሌ ዳማ

ይህን የሚጠይቅ ሰው ስጠብቅ ነበር።

ለማያውቁት፦ የአገራችን ልጓም የታችኛውን መንጋጋ ዙሪያውን የሚከብ የብረት ቀለበት አለው። ጉግስ ላይ በአንድ እጅ ጋሻ፣ በአንድ እጅ ዘንግ ይዞ ፈረስን ባንዴ ለማቆም የተሠራ ነው። አዋቂ እጅ ላይ ምንም አይጎዳም። ባልሠለጠነ እጅ ግን አፍ ይሰብራል።

የማንኛውንም ፈረስ ከንፈር ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። ከፊት ጥርሶቹ ኋላ፣ መንጋጋ ጥርስ ሳይጀምር፣ ጥርስ የሌለበት ባዶ ድድ አለ። ብረቱ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ድዱ ለስላሳና ሮዝማ ከሆነ መልካም ነው። ጎርበጥ ካለ፣ ነጭ ጠባሳ ካለበት፣ ወይም ምላሱ ጠርዝ ላይ የተቆረጠ ምልክት ካለ ያ ፈረስ ልጓም ሲሳብ ራሱን የሚወረውረው ለዚህ ነው። አመለኛ ነው ብላችሁ አትግረፉት፤ እያመመው ነው።

የእኔዎቹ የተገሩት መሐሉ ላይ በሚታጠፍ ቀጭን ያልሆነ ብረት ነው። ቦራዋ ብቻ ናት የቀለበቱን ልጓም የምታውቀው፤ ከመግዛቴ በፊት ስለተገራች በግራ በኩል ትንሽ ጠባሳ አላት። አሁን አያማትም፤ ግን በግራ ልጓም ስትሳብ እጅ ይለዝብላት።

ጀርባንም እዩ። ኮርቻ በሚያርፍበት ቦታ፣ በዳማ ወይም በጥቁር ፈረስ ላይ፣ ሳንቲም የሚያህል ነጭ ጠጉር ካገኛችሁ የድሮ ገጣባ ነው። ቁስሉ ሲድን ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። አንዱ ብቻ ከሆነ ግድ የለም። በሁለቱም በኩል ትይዩ ከሆነ ያ ፈረስ ለረጅም ጊዜ በማይሆነው ኮርቻ ሠርቷል።

አገው ፈረሰኛ

ትክክለኛ ፈረሰኛ ነህ። ተባረክ።

የቀበና እናት

ቅዳሜ ሄደን መጣን። ልጄን፣ ባለቤቴንና አንድ ሐኪም ይዤ ነው የሄድኩት። ጋላቢው እንዳለው ከቀጠሯችን ቀድመን ደረስን። ቦራዋ ከመስክ ላይ ነበረች። ጠባቂው ሲጠራት አልመጣችም፤ ልጄ ሣር ነጭታ ስታሳያት መጣች።

ሐኪሙ ጥርሷን አየ። የላይኛው የጥግ ጥርስ ላይ ከድዱ ወርዶ የሚታይ አጭር ቡናማ ጭረት አሳየን። ያ ጭረት የሚጀምረው አሥር ዓመት አካባቢ ነው፤ በ15 ዓመት የጥርሱን ግማሽ ይደርሳል አለን። ስለዚህ 12 የተባለው ልክ ነው። ግራ ድዷ ላይ ያለውንም ጠባሳ አገኘው። እግሯ ደህና ነው። ልጄ ተቀምጣባት መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ ዞረች። ወንድሜ እንደጻፈው ቦራዋ ሣር ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ልጄም አልተቻላትም ነበር። እየቆየ ግን እግሯን አጥብቃ መንዳት ለመደች።

አንድ ችግር ብቻ ነው የቀረው። ለገጣፎ ያገኘነው ማሳደሪያ ሌላ ፈረስ የለውም። ጋጣው ንጹሕ ነው፣ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ግን ብቻዋን ልትሆን ነው። ወንድሜ እንደማይስማማ አውቃለሁ።

የካዛንቺስ ሰው

እህቴ፣ እኔም የምጽፈው ነገር ነበረኝ። ዳማው ለእኔ እንደማይሆን ተቀብያለሁ። ባለቤቴ ግን 52 ኪሎ ነች። ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች በየሳምንቱ ግልቢያ ስትማር የቆየችው። ይህን ውይይት ስታነብ «ያ ፈረስ የእኔ ነው» አለችኝ። ቢሾፍቱን ትተነዋል። ዳማው ብቻውን አይውልም፣ የእናንተ ቦራ ብቻዋን ልትሆን ነው። አንድ ላይ ብናሳድራቸውስ? የጠባቂውን ወጪ እንካፈላለን።

የቀበና እናት

እንዴ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ።

ጋላቢው

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቱ የሚተዋወቁ ፈረሶች መሆናቸውን ጠይቁ። የማይተዋወቁ ከሆነ መጀመሪያ በአጥር ተለይተው ይተያዩ።

ሰላሌ ዳማ

በአንድ መስክ ነው የሚውሉት፤ ዳማው የሚከተላትም እሷን ነው። እንዲያውም ለየብቻ እንዴት እንደምለያቸው ሳስብ ነበር። በዚህ መንገድ ከሆነ በደስታ እሰጣለሁ።

የካዛንቺስ ወንድሜ፣ ባለቤትህ መጥታ ትሞክረው። ሁለት ጊዜ፣ በተለያየ ቀን። ዝላይ ባትሞክርም ሶምሶማውን ታውቀዋለች።

ለልጅቷ ሄልሜት ሳትገዙ አትጀምሩ። የብስክሌት ሳይሆን ለፈረስ የተሠራውን። ጫማዋ ትንሽ ተረከዝ ይኑረው፤ ስኒከር እርካብ ውስጥ ሾልኮ ይገባና ስትወድቅ እግሯ ይያዛል። ይህ ከኮርቻው ይቀድማል።

ለማጓጓዝ አይሱዙ እናገኛለን። ወለሉ ላይ አሸዋ እናነጥፋለን፤ ከላይ ጭድ። በባዶ ብረት ላይ ሰኮና ይንሸራተታል። ሁለቱን ጎን ለጎን እናስራቸዋለን፤ ገመዱም ሲጎተት ባንዴ በሚፈታ ቋጠሮ ይታሰራል። መጫኛው ላይ ማንም አይጮህ፣ ማንም ከኋላ አይመታ። ቦራዋ ድርቆሽ ካየች ራሷ ትወጣለች፤ ዳማው ተከትሏት ይወጣል። በማግስቱ ሰኮና አስተካካዩን ይዤ እመጣለሁ። ከዚያ በኋላ በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ መታየት አለባቸው።

ሌላ ለምትጠይቁኝ፦ አምባላዩና ቡላዋ ገና አልተያዙም። አምባላዩን ልምድ ያለው፣ ክብደቱ ከ60 ኪሎ የማይበልጥ ጋላቢ ቢወስደው ደስ ይለኛል። ስለ ቡላዋ ሦስት ሰው ጽፎልኛል፤ ሦስቱም መቼ ትጋለባለች ብለው ነው የጠየቁኝ፤ መልሴ ያው ነው።

ጋላቢው

ስለ አምባላዩ በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ። 58 ኪሎ ነኝ። እሁድ ሳልናገር እመጣለሁ።

ሰላሌ ዳማ

ና። ጠባቂው ያስገባሃል።